ቁልቁለት ላይ የሰመጠው ፍሬን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ወር ልጆቼን ጭኜ ረጅም ቁልቁለት እየወረድኩ ፍሬን ከዳኝ። ስረግጠው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝ። በእጅ ፍሬን እየታገዝኩ እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት አርፌ ስነሳ ግን ፍሬኑ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ደህና ነው። ጋራዥ ብወስደው «ሸራው ገና ነው፣ የሚያፈስም ነገር የለም» ብለው መለሱኝ። መኪናው አምስት ዓመቱ ነው፤ የሄደው 38,000 ኪሎ ሜትር ብቻ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አጋንኜው ይሆን?
(የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ አላጋነኑም። እንኳን ከነልጆችዎ ተረፋችሁ። ደጋግመው መርገጥዎና በእጅ ፍሬን መታገዝዎ ደግሞ ትክክል ነበር።

የነገሩኝ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ የፍሬን ዘይቱ ላይ። ሸራው ደህና፣ የሚያፈስ የለም፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ዘይቱ ፈልቶብዎታል ብዬ አምናለሁ።

የፍሬን ዘይት የእግርዎን ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያደርስ ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ ስለዚህ የረገጡት ያህል እዚያ ይደርሳል። ችግሩ ይህ ዘይት እርጥበት ይወዳል። በላስቲክ ቱቦውም በማጠራቀሚያው ክዳንም በኩል ከአየር ላይ ውሃ ቀስ እያለ ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውሃ ከገባበት ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከፍሬን ካላነሱ ያ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ውሃው እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። እርስዎ ይረግጣሉ፣ እግርዎ የሚጨምቀው አረፋውን ነው፣ ወደ ጎማው የሚደርስ ነገር የለም። ሲበርድ አረፋው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። መካኒኮቹ ምንም ያላገኙት ለዚህ ነው። የቀዘቀዘ መኪና ነው ያዩት።

38,000 ኪሎ ሜትር ብቻ መሄዱ እዚህ ላይ አያድንም። መኪናው ቆሞም ዘይቱ ውሃ ይጠጣል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ኪሎ ሜትሩን ሳያዩ ነው። የእርስዎ አምስት ዓመት ሙሉ ካልተቀየረ በጣም ዘግይቷል።

ሲቀየር ቆመው ይዩ። እያንዳንዱ ጎማ ጋ ትንሽ የማስተንፈሻ ብሎን አለች። እሷ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ይሰካል፤ ጫፉ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ብሎኗን ይከፍታል። መጀመሪያ የሚወጣው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ እንደ ደፈረሰ ጎርፍ። አንዳንዴ ትናንሽ አረፋዎች ተከታትለው ሲያልፉ በቱቦው ውስጥ ይታያሉ። ቆይቶ ፈካ ያለ ቢጫና ጥርት ያለው ይመጣል። አራቱም ጎማ ጋ ጥርት ያለው እስኪወጣ «በቃ» እንዳይሉ። ዘይቱ ተከፍቶ ከከረመ ጠርሙስ ሳይሆን ከታሸገ ይሁን። ዓይነቱም ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ነው። እግረ መንገዳቸውንም ሸራውንና ዲስኩን ያዩልዎት፤ ያን ያህል የጋለ ሸራ ፊቱ ብርጭቆ መስሎ ሊያብለጨልጭ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ መያዝ ያቅተዋልና ይቀየር።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅዎ ልንገርዎ። ጋራዥ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩኝ። አንድ ቀን ጎማ ሊያስፈትሹ መጡ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ የፍሬን ዘይቱ መጥቆሩን አየሁ። ቸኩለው ነበር፤ «በሚቀጥለው እንቀይረዋለን» ብዬ ሸኘኋቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጥሶባቸው ከአፈር ግድግዳ ጋር ተላተሙ። ተርፈዋል፤ ግን እስከ ዛሬ አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ውሃውን የሚለካ መሣሪያ አለ። ያን ቀን ግን አልለካሁም።

ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ቁልቁለቱን የሚወርዱበትንም መንገድ ይቀይሩ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልዎታል። አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገቡ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይልቀቁ፤ ሸራው ትንሽ ይተንፍስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በባዶ መልቀቅ ግን በነፍስ መጫወት ነው። የእጅዎ መንቀጥቀጥ እንዲለቅዎ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ባዶ መንገድ ላይ ይሞክሩት። ፔዳሉ ከፍ ብሎና ጠንከር ብሎ ከመለሰልዎ ቀስ በቀስ ድፍረቱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የጎማዬ ጥርስ ገና ሙሉ ነው። ጎሚስታው ግን «አርጅቷል ይቀየር» አለኝ። ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው?
(ተጠራጣሪው)

መልስ፦ ላያታልልህ ይችላል። ራስህ አንብበው። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2316 ካለ በ2016 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አስበህ አዲስ ነው እንዳትል። ጎማ ባይነዳም ላስቲኩ ይደርቃል። ጎኑን አጠፍ አድርገህ በጣትህ ዳብሰው፤ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ጥርሱን እርሳው። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ማስመርመር፣ አሥር ዓመት የሞላውን ደግሞ ምንም ቢያምር ማውጣት ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተረስቶ የሚኖረውን ትርፍ ጎማም እንዲሁ።

ንፋሱንም ጎማው ላይ በተጻፈው ቁጥር አታስሞላ። ያ ጣሪያው ነው። የመኪናህ ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ሳትነሳ ለካ።

ጥያቄ፦ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የታይሚንግ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ይላል። የእኔ 61,000 ነው፤ መኪናው ግን አሥራ አንድ ዓመቱ። ልጠብቅ?
(ቆጣቢው)

መልስ፦ አትጠብቅ። ያንኑ ገጽ እንደገና አንብበው፤ ከኪሎ ሜትሩ ጎን ብዙ ጊዜ ዓመትም ተጽፏል፤ ቀድሞ የደረሰው ነው የሚሠራው። ይህ ቺንጋ የፒስቶኑንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ነው፤ በብዙ ሞተሮች ሲበጠስ ፒስቶኑ ቫልቮቹን ይመታል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። እስኪቀየር ድረስ ሩቅ መንገድ አትውጣበት።