ከልጅነት የመጣ ፍርሃት፣ ጂንና ንስሐ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ እናቴ ለሥራ ርቃ ስለ ሄደች ያደግሁት ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው እየተዛወርሁ ነው። አሁን ባለ ትዳርና ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለቤቴ መልካም ሰው ሆኖ ሳለ ትንሽ ሲዘገይ “ሊተወኝ ነው” የሚል ፍርሃት ይይዘኛል፤ እርሱ ሳይተወኝ እኔ ቀድሜ እኮርፋለሁ፣ ቀናትን በዝምታ እቀጣዋለሁ። ለጸሎት ስቆም እንኳ እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብኝ ይመስለኛል። በቅርቡ ደግሞ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ያለው ቁርኝት እስከ ጉልምስና እንደሚዘልቅ፣ ጂንም (ከወላጆች የሚወረሰው ዘረ መል) በዚህ ውስጥ ድርሻ እንዳለው አነበብሁ። አንዳንዶች “የዘር እርግማን ነው” ይሉኛል። እንግዲህ እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ከፈጠረኝ ንስሐ የምገባው ስለ ምን ነው? የምወልደውስ ልጅ ይህንኑ ይወርሳልን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ “የዘር እርግማን” የሚለውን አስቀድሜ ከመንገዳችን ላንሣው፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው እርሱ ነውና። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን ጠይቀውት ነበር (ዮሐ. 9፥1-3)፤ እርሱም ሁለቱንም አልተቀበለም። የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ እንደሚደርስ የሚናገረው የኦሪት ቃልም (ዘጸ. 20፥5) እግዚአብሔርን በሚጠሉት ላይ የተወሰነ ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ደግሞ በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጥ ተናግሯል። የወላጆች ሥራ በልጆች ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ በደል ግን በውርስ አይተላለፍም። በጥምቀት ከእግዚአብሔር የተወለድሽ ሆነሽ ሳለ ራስሽን የርጉም ዘር አድርገሽ አትቍጠሪ።

ያነበብሽው የሳይንስ ነገር በከፊል እውነት ነው፤ ሙሉው ካልተነበበ ግን ያሳስታል። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ (1907–1990) ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር የሚተሳሰረው ምግብ ስለሚያገኝ ብቻ ሳይሆን በፍርሃት ጊዜ መሸሸጊያ ስለሚፈልግ ጭምር መሆኑን አስተማረ። ከእርሱ ጋር የሠራችው ሜሪ ኤንስዎርዝ ደግሞ በመጀመሪያ በኡጋንዳ፣ በኋላም በአሜሪካ በባልቲሞር እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች ከተመለከተች በኋላ፣ አንድ ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት የሚሆን ሃያ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ፈተና አዘጋጀች። እናትና ልጅ መጫወቻ ወዳለበት፣ ከዚህ በፊት አይተውት ወደማያውቁት ክፍል ይገባሉ፤ አንድ እንግዳ ሰው ይመጣል፤ እናቲቱ ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ትመለሳለች። ተመልካቾቹ አጥብቀው የሚያዩት ሕፃኑ እናቱ ስትመለስ የሚያደርገውን ነው። አንዱ ወደ እርስዋ ይሄዳል፣ ስታቅፈው ይረጋጋል፣ ከዚያም ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ሌላው እቅፏ ውስጥ ሆኖም ያለቅሳል፤ እየተጣበቀባት በእጁ ይገፋታል። ሦስተኛው ምንም እንዳልተፈጠረ ፊቱን ወደ መጫወቻው ያዞራል፤ የዚህ ልጅ የልብ ምት በተለካ ጊዜ ግን እንደሚያለቅሱት ልጆች ሁሉ በፍጥነት ይመታ እንደ ነበር ታወቀ። ቀናትን በዝምታ ስታሳልፊ በውስጥሽ የሚሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽና ይህን ሦስተኛ ሕፃን በልብሽ ያዥው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ይህ እስከ ጉልምስና ይዘልቃልን? እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአንድ ዓመታቸው የታዩ 50 ሰዎች ከ20 ዓመት በኋላ እንደ ገና ተመርምረው 72 በመቶዎቹ በዚያው ወገን፣ ማለትም በተረጋጉት ወይም ባልተረጋጉት መካከል፣ ተገኝተዋል። ይህን ቍጥር ብቻ ያነበበ ሰው “በቃ፣ አለቀልኝ” ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ጥናት እንደ ወላጅ ሞት፣ እንደ ፍቺና እንደ ጽኑ ሕመም ያለ መከራ በቤታቸው ከደረሰባቸው ልጆች መካከል 44 በመቶ፣ ካልደረሰባቸው መካከል ደግሞ 22 በመቶ ወገናቸውን ለውጠዋል። በዚያው ዓመት የታተመና በሚኒሶታ በድህነትና በችግር ውስጥ ያደጉ ልጆችን የተከታተለ ሌላ ጥናት በሕፃንነታቸውና በ19 ዓመታቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ቀጣይነት አላገኘም። እንግዲህ ቁርኝት የሚጸናው ኑሮው በሚጸናበት ቤት ነው፤ ኑሮ ሲለወጥ እርሱም ሊለወጥ ይችላል፣ ወደ ክፉም ወደ መልካምም።

ስለ ጂን የተገኘው ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የመንትዮች ጥናት በሕፃናት መካከል የሚታየው የመረጋጋት ልዩነት 52 በመቶው ሁለቱ መንትዮች ከሚጋሩት የቤት ኑሮ፣ ቀሪው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ካገኙት ነገርና ከመለኪያው ጉድለት የመጣ መሆኑን፣ የጂን ድርሻም ከቍጥር የማይገባ መሆኑን አሳየ። በዚያው ጥናት ሕፃኑ በጠባዩ ቶሎ የሚረበሽ መሆኑ ግን 77 በመቶ ከጂን ጋር የተያያዘ ነበር። እንግዲህ ልጅ ቶሎ የሚደነግጥ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ በእናቱ መታመንን ግን ከእናቱ ይማረዋል። የ15 ዓመት መንትዮችን የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት የጂንን ድርሻ ወደ 40 በመቶ ማድረሱ እውነት ነው፤ ምናልባት ሰው ዕድሜው ሲጨምር ወዳጆቹንና ውሎውን እንደ ጠባዩ መምረጥ ስለሚጀምር ይሆናል።

አንቺ ያነበብሽው እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ታተመው ጥናት ይመስለኛል። ከላይ ያነሣሁት የሚኒሶታ ክትትል ተመራማሪዎች በ12ና በ18 ወራቸው የታዩትን ሕፃናት በ19ና በ26 ዓመታቸው እንደ ገና ጠየቋቸው፤ ከዚያም በወሊድና በማጥባት ጊዜ የሚያገለግለውን፣ ከመተሳሰርም ጋር የሚያያዘውን የኦክሲቶሲን ሆርሞን የሚቀበለው የሴል ክፍል የሚሠራበትን ጂን መረመሩ። የሕፃንነት ቁርኝት የጉልምስናውን አስቀድሞ ያመለከተው ከእናትም ከአባትም “ጂ” የተባለውን የዚህን ጂን ዓይነት በወረሱት ሰዎች ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በሌሎቹ ላይ የመጀመሪያው ከኋለኛው ጋር አልተያያዘም። እስኪ ልብ በዪው፤ ይህ ጂን ፍርሃትን ሲያወርስ አልተገኘም። ማኅተም በሰም ላይ ሲያርፍ አንዱ ሰም አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሌላው ቶሎ ይለቀዋል፤ የማኅተሙን መልክ ግን ሰሙ አያወጣውም። አጥብቆ የሚይዝ ሰው የተቀበለውን መልካምም አጥብቆ ይይዛል። ደግሞም ይህ የአንድ ቡድን ውጤት ነው፤ ቀደም ሲል ብዙ የተነገረለት፣ ዶፓሚን ከተባለው የአንጎል ኬሚካል ጋር የተያያዘ የአንድ ጂን ግኝት ብዙ ሕፃናት በተመረመሩ ጊዜ ሳይጸና ቀርቷል። በአንዲት የጂን ፊደል ላይ የሕይወትሽን ተስፋ አትስቀዪ።

ሥጋችን ከአራቱ ባሕርያት ተፈጥሮ ወደዚህም ወደዚያም እንደሚስበን፣ ነፍሳችን ግን ለባዊት (አስተዋይ)፣ ነባቢት (ተናጋሪ) እና ሕያዊት ሆና ነጻ ፈቃድ እንደ ተሰጣት አባቶቻችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስለዚህ አንዱ ሰው ድንጉጥ፣ ሌላው ደልዳላ ሆኖ መወለዱ ለሃይማኖታችን አዲስ ወሬ አይደለም። “እግዚአብሔር እንዲህ ፈጠረኝ” ስትዪ ግን ጥንቃቄ ያስፈልግሻል። እርሱ የፈጠረብሽ በፍርሃት ጊዜ ወደምትወጂው የመሸሽን ፍላጎት ነው፤ ይህም መልካም ነው፤ መዝሙረኛው እንኳ በእግዚአብሔር መታመኑን የሚቈጥረው በእናቱ ጡት ሳለ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው (መዝ. 21)። በሸሸሽ ጊዜ የሚቀበልሽ መታጣቱ በሕይወትሽ ላይ የደረሰ ኀዘን ነው፤ ከፍጥረትሽ ጋር አትደምሪው።

ንስሐውን በተመለከተ፣ ባልሽ ሲዘገይ በደረትሽ ላይ የሚነሣው ድንጋጤ ሳትጠሪው የሚመጣ ነው፤ ፈቃድ ያልገባበት ነገር ደግሞ ኃጢአት ሆኖ አይቈጠርም። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆነሽ ለሦስት ቀን ላለመናገር ስትወስኚ ግን ፈቃድሽ ገብቷል። ያ ሰው ያልተበደረውን ዕዳ እየከፈለ ነው። ንስሐሽ ከዚህ ይጀምር፤ ለንስሐ አባትሽ ስትናገሪም “እፈራለሁ” ብለሽ አትለፊ፣ “ፈርቼ እንዲህ አደረግሁ” ብለሽ ሥራውን በስሙ ጥሪው። በሰላሙ ቀን ደግሞ፣ ኩርፊያ በሌለበት ሰዓት፣ ይህን ሁሉ ለባለቤትሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ድንጋጤው ሲመጣ ከዝምታ በፊት “ስትዘገይ ፈራሁ” የምትል አንዲት ቃል ለማውጣት ተጣጣሪ። መጀመሪያ ላይ ቃሏ ከአፍሽ አልወጣ ትላለች። ብትወጣም ድምፅሽ ቁጣ ይመስላል፤ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ግን ባልሽ ሊታገሥሽ ይችላል። “እምነት ቢኖርሽ ኖሮ አትፈሪም ነበር” የሚሉሽ ቢኖሩ ሐዋርያው ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል ያለው ፍጹም ፍቅርን እንጂ ተግሣጽን እንዳልሆነ አስታውሻቸው (1ኛ ዮሐ. 4፥18)።

እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብሽ የሚመስልሽ ከሰው የለመድሽውን በእርሱም ላይ ስለምትጠብቂ ይመስለኛል። እናት የወለደችውን ብትረሳ እንኳ እርሱ እንደማይረሳ በነቢዩ በኢሳይያስ ነግሮናል (ኢሳ. 49፥15)፤ ይሁን እንጂ ይህን ጥቅስ መቶ ጊዜ ብታነቢው ስሜትሽ በአንድ ሌሊት አይለወጥም፣ ባለመለወጡም አትሸበሪ። ዳዊት “እስከ መቼ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?” ብሎ ለራሱ ለእግዚአብሔር ተናግሯል (መዝ. 12፥1)፤ ንግግሩም ጸሎት ሆኖ ተጻፈ እንጂ ክሕደት አልተባለም። ያ ሦስተኛው ሕፃን ያልቻለው ይህን ነው፤ ልቡ እየመታ ፊቱን አዞረ። አንቺ ግን ከነልብ ምትሽ ወደ እርሱ ዙሪ። የጸሎት ሰዓትሽን በስሜት አትወስኚው፤ ቢሰማሽም ባይሰማሽም በሰዓቱ ቁሚ፣ የራስሽ ቃል ሲጠፋብሽ የዳዊትን ቃል ተዋሺ።

ስለምትወልጂው ልጅ የምነግርሽ አንድ ነገር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ሜይንና ባልደረቦችዋ ለአዋቂዎች ባዘጋጁት ቃለ መጠይቅ ሰው ከእናቱና ከአባቱ ጋር የነበረውን ግንኙነት የሚገልጡ አምስት አምስት ቃላት ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱም ቃል የሚያስታውሰውን ታሪክ ይጠየቃል። “እናቴ አፍቃሪ ነበረች” ብሎ አንድም ታሪክ የማይመጣለት አለ፤ ጥያቄው ሲነሣ የሠላሳ ዓመት ቁጣ ገንፍሎበት መጨረስ የሚያቅተውም አለ። የሚመዘነው የልጅነቱ መልካምነት ሳይሆን የሆነውን ሳይሸፍንና በእርሱም ሳይዋጥ መናገር መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ የለንደን ጥናት ነፍሰ ጡሮች በዚህ መንገድ ተጠየቁ፤ ልጆቻቸው አንድ ዓመት ሲሞላቸው በ75 በመቶ ያህል ሕፃናት ላይ የታየው ቁርኝት ከእናቲቱ አነጋገር ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶች ይህን ሰምተው ይፈራሉ፤ እኔ እንደ ምሥራች እቀበለዋለሁ፤ ከባድ ልጅነት አሳልፋ እውነቱን በእርጋታ መናገር የቻለች እናት የተረጋጋ ልጅ ልታሳድግ ትችላለችና።

ስለዚህ አባትና እናትን አክብር የሚለው ትእዛዝ ሕመምሽን እንድትክጂ የሚያዝሽ አይምሰልሽ። ይቅርታ የሚደረገው ለተፈጸመ በደል ነው፤ ምንም አልሆንሁም የምትል ሴት ይቅር የምትለው ነገር የላትም። እናትሽ በሕይወት ካለች ለክስ ሳይሆን ለማወቅ ጠይቂያት፤ ስትሄድ ማን እንደ ያዘሽ፣ አልቅሰሽ እንደ ነበር፣ እርስዋስ በመንገድ ላይ ምን እንደ ሆነች ትንገርሽ። ለሥራ የሄደች እናት ብዙ ጊዜ የራስዋ ያልተነገረ ልቅሶ አላት። ለመጠየቅ አቅም ካጣሽ ወይም እርስዋ ለመናገር ካልፈቀደች አታስገድጂ፤ ታሪክሽን ለንስሐ አባትሽና ለባልሽ ንገሪ።

ፍርሃቱ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክልሽ ከሆነ በእርግዝና ክትትልሽ ላይ ለሐኪሟ ወይም ለአዋላጇ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ከወሊድም በኋላ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲሁ አድርጊ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያዩሽም ከንስሐ አባትሽ ምክር ጋር የሚጋጭ አይደለም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሁልጊዜ ወዲያው ላትደርሺ ትችያለሽ፣ አንዳንድ ጊዜም ተቈጥተሽ ትደርሻለሽ። ያኔ ታቅፈሽ አረጋጊው፤ በአንቺ የሚታመነው ፈጽሞ ስላልዘገየሽ ሳይሆን ደጋግመሽ ስለምትመጪ ነው።