ሙቅ ውሃ፣ ጣሪያና ቆጣሪ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የጥቅምት ብርድ ሲገባ የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ ሻወር ቤት ይዞራሉ። ዛሬ ከጎጃም የመጡትን ሰብስበናል። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል፤ ስድብ ያለባቸውንም አለዝበናል።

ከባሕር ዳር፦ አምስት ቤተሰብ ነን። ባለ 80 ሊትር ቦይለራችን የካርድ ሂሳብ እየበላ አስቸገረን። ሻጩ ባለ 200 ሊትር የፀሐይ ማሞቂያ "በሁለት ሰዓት ገጥሜላችሁ እሄዳለሁ" ይላል። እንግዛ?

ማሞቂያውን ግዙ፤ በሁለት ሰዓት ገጥሞ የሚሄደውን ሰው ግን ተዉት። ባሕር ዳር ላይ የፀሐይ ማሞቂያ በፀሐይ እጦት አይበላሽም። የሚበላሸው በጣሪያውና በቀዝቃዛው ውሃ አመጣጥ ነው። ስለ ሁለቱም ሻጩ አልጠየቃችሁም።

ከክብደቱ እንጀምር። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ ታንከሩ፣ ብረቱና መስታወቱ ሲጨመር ወደ 280 ኪሎ ይጠጋል። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ይህን ተሸክሞ ብዙ ክረምት አይዘልቅም። እንጨቱ ይጎብጣል፣ ታንከሩ ያዘነብላል፣ ከዚያ በየምስማሩ ቀዳዳ ዝናብ ይገባል። ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ ከቤቱ ጎን በኮንክሪት መሠረት ላይ ለብቻው የሚቆም የብረት ማማ አሠሩ።

ማማው ደግሞ ማሞቂያውን ብቻ አይደለም የሚሸከመው። በገበያ በብዛት የሚገኘው ባለ መስታወት ቱቦ ማሞቂያ የመስመርም ሆነ የፓምፕ ግፊት አይችልም፤ ውሃ የሚያገኘው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሮቶ ወርዶለት ነው። የሮቶው ወለል ከማሞቂያው ታንከር አናት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን እንደሚመዝን ለብረት ሠራተኛው ቀድማችሁ ንገሩት። ከፍታውን ስትወስኑ ግፊቱንም አስቡ፦ 1 ሜትር ቁመት 0.1 ባር ብቻ ነው የሚሰጠው። ታንከሩ ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር እንኳ ከፍ ካላለ ውሃው ሲንጠባጠብ ትቆማላችሁ።

አሁን ዋናው ጣጣ፦ ውሃ መጥፋቱ። ሮቶው ሲያልቅ የማሞቂያው ታንከር ይጎድላል፣ ቱቦዎቹም ይደርቃሉ። ደረቅ ቱቦ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ውሃ መጣ ብላችሁ ሮቶውን ስትከፍቱ ቀዝቃዛው ውሃ የጋለውን መስታወት ይነካውና ፀሐዩ ሳይሆን ውሃው ራሱ ይሰብረዋል። ሰዎች "የቻይና ዕቃ ስለሆነ ፈነዳ" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከሮቶው ወደ ማሞቂያው በሚሄደው መስመር ላይ የእጅ ቫልቭ አስገቡ፤ ሮቶው ካለቀ ዝጉት፤ ውሃ ሲመጣ ከመሸ በኋላ ወይም ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ክፈቱት። መጀመሪያ ሲገጠምም እንዲሁ ነው፤ ቱቦዎቹ በጆንያ ተሸፍነው ይቆዩ፣ ጆንያው የሚነሣው ታንከሩ ከሞላ በኋላ ይሁን። በፈረቃ ውሃ የምታገኙ ከሆነ ሮቶው ቢያንስ የሁለት ፈረቃ ክፍተት የሚያሻግር ይሁን።

አቅጣጫው ወደ ደቡብ ነው። ዘንበል ማለቱን ግን ገጣሚዎች ያበላሹታል። ብዙው መቆሚያ ከእኛ ወደ ሰሜን ርቀው ላሉ አገሮች ስለተሠራ 45 ዲግሪ ቀና ብሎ ይመጣል። በባሕር ዳር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያልፋል። ያን ጊዜ በ45 ዲግሪ ወደ ደቡብ የቆመ ማሞቂያ ክረምት መግቢያ ላይ በቀጥታ ከሚመጣው የእኩለ ቀን ጨረር የሚያገኘው ግማሹን ብቻ ነው። በ15 ዲግሪ የተጋደመው ወደ 90 በመቶ ያገኛል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከ45ቱ የሚያንሰው በጥቂቱ ነው። አምራቹ ለቱቦው የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ዘንበል መመሪያው ላይ እዩና ወደ 15 እና 20 መሀል አስቆርጡት።

ሙቅ ውሃው ከታንከሩ የሚወጣበትን የመጀመሪያ 2 ሜትር በብረት ቧንቧ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለሙቅ ውሃ በተሠራ ወፍራም ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) አስሠሩ። የቀዝቃዛውን ስስ ፒፒአር እዚህ ላይ ማስገባት በሁለተኛው ዓመት ግድግዳ ማፍረስ ነው። መስመሩንም አሳጥሩት። ባለ 25 ሚሊሜትር ፒፒአር በየሜትሩ 0.2 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 15 ሜትር ከሆነ ሙቁ እስኪደርስ 3 ሊትር ቀዝቃዛ ይፈሳል፣ በተከፈተ ቁጥር።

ቦይለሩን አትሽጡት። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ሲዳፈን ፀሐዩ ውሃውን 30 ወይም 35 ዲግሪ አድርሶ ይተወዋል። ያ ውሃ በቦይለሩ ውስጥ ካለፈ ኮረንቲው የሚሞላው ቀሪውን ብቻ ነው። በበጋ ውሃው በጣም ስለሚግል ቦይለሩን ዘሎ የሚያልፍበት ሌላ መስመርና ሁለት ቫልቭ ይኑር። 20 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአምስት ሰው በቀን 2.5፣ ቦይለሩ ቆሞ የሚያባክነው 1 እና ከዚያ በላይ ሲደመርበት በወር ከ100 ያልፋል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ፍጆታው ሲቀንስ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት አማካይ ዋጋም ይቀንሳል።

ከደብረ ማርቆስ፦ አዲሱ ቦይለር ጠዋት ያሞቃል፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ለብ ያለ ውሃ ብቻ። ተታልዬ ነው?

አልተታለሉም። መብራቱ ማታ ስለሚደክም ነው። 1500 ዋት የተባለው በ220 ቮልት ነው፤ ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ኃይሉ ወደ 1000 ዋት ያሽቆለቁላል፤ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በካሬው ነውና። 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ በደህናው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበቃው የነበረው ያን ጊዜ ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይወስድበታል። ካርዱ የሚበላው ያው ነው፣ ጊዜው ብቻ ይረዝማል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሚያበራ ሰዓት ቆጣሪ ያስገጥሙ። ስታቢላይዘር አይግዙለት፤ ለሪዚስታንስ (ውሃውን ለሚያሞቀው ሽቦ) ገንዘብ መጣል ነው።

ቦይለሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ስትጠፋ ተበላሸ ማለት ነው?

አይደለም፤ ሞቀ ማለት ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ከቦይለሩ ሥር ካለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃ ይንጠባጠባል። ጎረቤቴ በፕላግ ድፈናት አለኝ።

ጎረቤትዎ ደግ ሰው ይሆናሉ፣ ምክራቸው ግን ቤት ያፈርሳል። ያቺ ሴፍቲ ቫልቭ ናት። ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ 0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል፣ ትርፉም በቫልቭዋ ይወጣል። ከተደፈነች ግፊቱ መውጫ የለውም፤ ቴርሞስታቱም በዚያው ጊዜ ከተጣበቀ ታንከሩ እንደ ቦምብ ይሆናል። የምትንጠባጠበው ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ጤነኛ ናት፤ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ወደ ፍሳሽ ይምሩት። ቦይለሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞም ሌት ተቀን ከፈሰሰ ወይ ውስጧ ቆሻሻ ገብቷል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። በወር አንዴ ማንሻዋን ከፍ አድርገው ያስተንፍሱ፤ ካልተስተካከለ በአዲስ ይቀይሯት።

ከዳንግላ፦ ቦይለር ቀኑን ሙሉ ቢበራ ይሻላል ወይስ ማጥፋት? ባለቤቴ "ከዜሮ ማስነሣት ብዙ ይበላል" ይላል።

ያጥፉት። የሚያባክነው በግድግዳው የሚወጣው ሙቀት ነው፤ ውሃው ሞቆ በቆየ ቁጥር ብክነቱ ይበዛል። ከመታጠብዎ 2 ሰዓት ቀድሞ ማብራት ይበቃል። ቴርሞስታቱን ግን ቁጠባ ብለው ወደ 40 አያውርዱት፤ ለብ ብሎ የሚቆይ ውሃ ውስጥ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል። 60 ላይ ይሁን። በዚያ ሙቀት ውሃ በ5 ሴኮንድ ያህል ቆዳ ስለሚልጥ ሕፃን ካለ ቀዝቃዛውን አስቀድመው ይክፈቱ። (ባለቤትዎ ካላመኑ ሁለት ሳምንት በየተራ ይሞክሩና ቆጣሪውን ይዩ።)

ከደጀን፦ ሮቶውን ጥቁር ቀለም ብንቀባው?

ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ ይሰጣችኋል፣ እስከ ጠዋት ግን አያሳድረውም።

ከእንጅባራ፦ እዚህ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በሽ ነው። ምድጃውን ሻወር ቤት አስገብተን በሩን ስንዘጋ ክፍሉም ውሃውም ይሞቃል። ለምን ወጪ እናውጣ?

ዛሬውኑ አቁሙ። ይህ ስለ ቁጠባ የሚወራበት ጉዳይ አይደለም።

ከሰል አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይን አያቃጥልም። ከሁሉ የሚያታልለው ጭሱ ቆሞ ፍሙ ቀልቶ ሲግም "አሁን ጠራ" ተብሎ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ጋዙ ያን ጊዜም ይወጣል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። በሩ የተዘጋበት ሰው ተነሥቶ ለመክፈት የሚያስፈልገውን አቅም ነው መጀመሪያ የሚያጣው።

አንድ ሰው እንዲህ ከሆነ ወደ ውጭ አውጡት። ወተት አታጠጡ፣ በሎሚ ማሽተት አትዘግዩ፤ ሁለቱም ጋዙን ከደም አያወጡትም። የሚያወጣው ኦክስጅን ነው፤ በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በኦክስጅን ጭንብል ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ በቀጥታ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት፤ ነቅቶ "ተሽሎኛል" ቢልም ውሰዱት። እርጉዝ ከሆነች ፈጽሞ አትጠብቁ። ከሰሉን የምትጠቀሙ ከሆነ ደጅ አቀጣጥሉ፣ ደጅ ውሃ አሙቁ፣ ወደ ውስጥ ውሃውን ብቻ አስገቡ።

ከሞጣ ዙሪያ፦ መብራት የለንም። የእናንተ ምክር ሁሉ ለከተሜ ነው።

ልክ ነዎት። እንጀራ የሚጋገረው በጉልቻ ከሆነ ከማንኛውም ማሞቂያ በፊት "ምርጥ" የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ያስገቡ፤ እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ከኋላው ጭሱ የሚወጣበት ቦታ ድስት የሚቀመጥበት ነው፤ ብዙ ቤት ባዶውን ይተውታል። ጋገራው ሲጀመር ሰፊና ክዳን ያለው ድስት እዚያ ይጣዱ፤ እንጀራው ሲያልቅ የመታጠቢያው ውሃ በነፃ ደርሷል። የምድጃው ክፍልፋዮች የሚጋጠሙበት ስንጥቅ በጭቃ ካልተመረገ ግን እሳቱ በጎን ይወጣና ድስቱ ጋ የሚደርስ ሙቀት የለም።

ለገላ ውሃ አያፍሉ። በእናንተ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነደው እንጨት ሁሉ እንፋሎት ነው። ቢፈላም 6 ሊትሩ ከ14 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ 20 ሊትር ባለ 40 ዲግሪ ውሃ ይወጣዋል። ለማሳደር ከፈለጉ ድስቱን ክዳኑን እንደዘጉ በሁሉም በኩል አንድ ስንዝር የጤፍ ጭድ በተጠቀጠቀበት ሳጥን ውስጥ ይቅበሩት። ፕላስቲክ ጀሪካን አይሆንም።

ቦይለሩን በብርድ ልብስ ልጠቅልለው?

ቧንቧውን ይጠቅልሉ፤ ቦይለሩ ውስጡ ፎም አለው።

ከባሕር ዳር፦ 12 ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሂት ፓምፕ ያዋጣል?

ለቤት ሳይሆን ለእርስዎ ያዋጣል። በቀን 600 ሊትር ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ በሪዚስታንስ 26 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሂት ፓምፕ ሙቀቱን ከአየር ስለሚስብ በሲሶው ይጨርሰዋል። የሚገድለው የደከመ ቮልቴጅና ተመላላሽ መብራት ነው፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ያስገጥሙለት። የሚያወጣው ቀዝቃዛ አየርና የሚንጠባጠበው ውሃ መውጫ ይፈልጋሉ። ሌላውን የፍሪጅ ባለሙያ ይጠይቁ።

ከቡሬ፦ ተከራይ ነኝ። ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው ቅጽበታዊ ማሞቂያ ርካሽ ነው፤ ልግጠም?

ውሃ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ቆሞ አያባክንም፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። መጥፎው፣ ባለ 5500 ዋቱ 25 አምፔር ይስባል። ለሶኬት በተዘረጋው ገመድ ላይ ከሰኩት ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይቀልጣል። ከቆጣሪው ብሬከር ለብቻው የሚመጣ ቢያንስ 4፣ ራቅ ካለ 6 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ይፈልጋል። አከራይዎ የእንጀራ ምጣድ ካበሩ ደግሞ አንድ ላይ ከ40 አምፔር ያልፋል፤ ምጣዱና ሻወሩ በየተራ ይሁኑ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሬት የተቀበረ ግራውንድ መኖሩን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን በመለኪያ ያረጋግጥ፤ ኮረንቲ ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከርም ያስገባ። በዚህ መሣሪያ ኮረንቲው ከራስዎ በላይ ውሃው ውስጥ ነው ያለው። አከራይዎ ግራውንድ አላሠራም ካሉ ማሞቂያውን አይግጠሙ፤ በባልዲ ይታጠቡ።