የበሽታውን ስም ካወቃችሁ ገና ጀመራችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በዕፅዋት በሽታ ሥራ ላይ ነው የጨረስኩት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ጎንደር ግብርና የምትማሩ ልጆች ስለ መመረቂያ ጽሑፋችሁ ልታማክሩኝ ትመጣላችሁ፤ በጣም ደስ ይለኛል። ግን የብዙዎቻችሁ ርእስ ያው ነው፤ ይሄ ፈንገስ በዚህ ወረዳ አለ ወይስ የለም? መኖሩንማ ገበሬው ያውቃል። ማሳው እየደረቀበት እንዴት አያውቅም? ያላወቀው፣ እኛም ገና በደንብ ያላወቅነው፣ የእሱ ማሳ ላይ ያለው ፈንገስ ሌላ አገር ካለው በምን እንደሚለይ ነው። እባካችሁ እዚህ ላይ ሥሩ።

ሽምብራን እንውሰድ። ደምቢያ ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ዋልካው እርጥበቱን እንደያዘ ይዘራል። ጥቅምት ኅዳር ላይ ማሳው መሐል ብትቆሙ ዙሪያው አረንጓዴ ሆኖ እዚህም እዚያም ቅጠሉን የጣለ ተክል ታያላችሁ። ንቀሉት። ሥሩን ከላይ ስታዩት ደህና ይመስላል። በምላጭ ከሥሩ ወደ ግንዱ ሰንጥቁትና ክፈቱት፤ ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ ጠቆር ብሎ በቀጭን መስመር ወደ ላይ ከወጣ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። ፈንገሱ ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ይባላል፤ ሽምብራን የሚያጠቃው ወገን ደግሞ ሲሰሪስ የሚል ቅጥያ አለው። ሥሩ በስብሶ ቅርፊቱ የሚላጥ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ጠርጥሩ፤ ውሃ የተኛበት ማሳም ተክሉን ያጠወልጋል።

ከጠቆረው ግንድ የቆረጣችሁትን ቁራጭ በበረኪና አጥባችሁ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ ፈንገሱ እንዲያድግ የድንች አጋር (ከድንች የተሠራ የረጋ ምግብ) ላይ ታስቀምጡታላችሁ። በሳምንት ውስጥ ፈንገሱ ፔትሪ ዲሹን፣ ማለት የላብራቶሪ ሳህኑን፣ ይሞላዋል። የአንዱ ማሳ ናሙና ነጭ ይሆናል፣ የሌላው ሮዝ፣ የሦስተኛው ከሥሩ ሲታይ ወይን ጠጅ። ያን ጊዜ "ሦስት ዓይነት አገኘሁ!" ብላችሁ ለመጻፍ ትቸኩላላችሁ። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ፉዛሪየም ቀለሙን በብርሃኑ፣ በሙቀቱ፣ በምግቡ ይለዋውጣል። በጣም የሚመቸው ምግብ ላይ ደጋግማችሁ ስታዛውሩት ደግሞ ጭራሽ ጠባዩ ይቀየራል፤ ስፖሩ (የሚራባበት ደቃቅ ዘር) ይቀንሳል፣ ተክል የማጥቃት ኃይሉም ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ስፖር የተነሣ ካልቸር (ላብራቶሪ ውስጥ ያሳደጋችሁት ፈንገስ) ያዙ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ምግብ፣ በአንድ ሙቀት፣ በእኩል ዕድሜ አወዳድሩ። የካልቸሩን ስፋት ለኩ፤ ማጭድ የሚመስለውን ትልቁን ስፖርና ትንሹን በማይክሮስኮፕ ለኩ፤ ግድግዳው ወፍራም የሆነውንም ፈልጉ። ይህ ወፍራሙ ሽምብራ ሳይዘራበት አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ 6 ዓመት ድረስ እንደሚቆይ ተመዝግቧል። ገበሬው አንድ ዓመት ጤፍ ዘርቶ ተመልሶ ሽምብራ ሲዘራ በሽታው እንደገና የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ለክታችሁም ዓይን የማያየው ነገር ይቀራል። መልካቸው አንድ የሆኑ ሁለት ካልቸሮች ተክል ላይ ሲሞከሩ ሌላ ሌላ ይሆናሉ። የሽምብራ አጠውልግ 8 የታወቁ ሬሶች አሉት፤ ሬስ የምንለው በሚያጠቃው የተክል ዝርያ የሚለይ የፈንገሱ ንዑስ ወገን ነው። ሬስ 0 እና ሬስ 1ቢ/ሲ ተክሉን ቀስ ብለው ቢጫ ያደርጉታል፤ ሌሎቹ ቶሎ ያጠወልጉታል። 2፣ 3 እና 4 መጀመሪያ የተገለጹት ከህንድ ነው፤ 5 እና 6 የሚታወቁት ይበልጡን ከሜዲትራኒያን አካባቢና ከካሊፎርኒያ። እና አንድ ዝርያ "አጠውልግን ይቋቋማል" ሲባል ስትሰሙ የትኛውን ሬስ፣ የት አገር ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጠየቅ የተሰጠ ዘር ገበሬውን ያከስረዋል።

በስንዴ ያየነው ይህንኑ ነው። ዩጂ99 የተባለው የግንድ ዋግ በ1998 (እንደ ፈረንጆቹ) ዩጋንዳ ላይ ተገኘ፤ ብዙ አገር የተመካበትን ኤስአር31 የተባለ በሽታውን የሚቋቋም የስንዴ ዘረመል ሰበረ። ዓለም ሁሉ እሱን መከታተል ጀመረ። በ2013 እና 2014 ግን አርሲና ባሌ ላይ ዲጋሉ የተባለውን ስንዴ ያወደመው ከዩጂ99 ወገን ያልሆነ፣ ቲኬቲቲኤፍ የሚባል ሌላ ሬስ ነበር። ግንዱ ላይ የሚታየው የዛገ ብረት የመሰለ ዱቄት ያው ነው፤ በጣታችሁ ብትዳስሱት ያው ነው። የተለየው 20 መለያ ዝርያዎች ላይ ተረጭቶ የሰጠው ምላሽና ዘረመሉ ነው። የዚያን ዓመት የገበሬ ኪሳራ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስም እንዲሁ ነው፤ የእኛን አረቢካ የሚገድለው ወገንና ዩጋንዳና ኮንጎ ሮቡስታን የጨረሰው ወገን ስማቸው አንድ ነው፣ የሚያጠቁት ቡና ግን ለየቅል ነው።

አሁን ዲኤንኤ ማስነበብ ረክሷል፣ እናንተም ወደዚያ ትሮጣላችሁ። ጥሩ ነው። ግን አይቲኤስ የሚባለውን ክፍል ብቻ አስነብባችሁ "ልዩነት የለም" ብላችሁ አትጻፉ፤ ለፉዛሪየም ያ ክፍል በጣም ይመሳሰላል። ቲኢኤፍ የተባለውን ጨምሩ፤ በአንድ ወገን ውስጥ ያለውን ልዩነት ለማየት ደግሞ ኤስኤስአር የሚባሉትን ምልክቶች ተጠቀሙ። ዲኤንኤው በአካባቢ ቢከፋፈልላችሁም የበሽታው ኃይል በዚያው መስመር ላይከፋፈል ይችላል። ተክል ላይ ሳትሞክሩ አትደምድሙ፤ ግሪንሃውስ ከሌለ በፌስታልና በጣሳም ይሠራል፣ አፈሩ በደንብ በእንፋሎት ይጽዳ እንጂ። ቶሎ የሚጠወልገው ጄጂ62 የተባለ የሽምብራ ዝርያ አብሮ ይዘራ፤ እሱ ካልታመመ ሙከራችሁን ተጠራጠሩ።

ናሙናው ላይ ግን ልለምናችሁ። አስፋልት ዳር ካለ ማሳ ብቻ ለቅማችሁ "የጎንደር ፈንገስ" አትበሉ። ከመተማ ቆላ እስከ ደባርቅ ደጋ አንድ ቀን በመኪና ይደረሳል፤ ከፍታው ግን ከ1,000 ሜትር በታች ተነሥቶ 2,800 ገደማ ይደርሳል። ሙቀቱ ሌላ፣ አፈሩ ሌላ፣ ዘሩ ሌላ። እዚያ ውስጥ ያለውን ፈንገስ በአንድ ቀበሌ ናሙና መግለጽ አይቻልም። ገበሬውን ሰላም በሉና ዘሩን ከየት እንዳመጣው፣ አምና ምን እንደዘራ ጠይቁት። በሽታው ከገበያ ዘር ጋር ተጉዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው። ወረቀት ከረጢት ተጠቀሙ፤ ፌስታል ያላበዋል፣ ሻጋታ ይወርሰዋል። ከረጢቱ ላይ ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ የዘሩን ስምና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይለቃል።

ካልቸራችሁንም ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ትታችሁ አትመረቁ። መብራት ሲጠፋ ስንት የደከማችሁበት ነገር አብሮ ይጠፋል። በንጹሕ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቁት፣ ከነመረጃው ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ላብራቶሪ ይሁን። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የዛሬውን የደምቢያ ፈንገስ ከራሱ ዘመን ፈንገስ ጋር አስተያይቶ ምን እንደተቀየረ ማወቅ የሚችለው ያ ካልቸር ካለ ነው።