መልስ፦ መጽሐፍን በነጻ መልቀቅ አርታኢውን ይጎዳል?

«ደራሲው ራሱ ፈቅዶ መጽሐፉን በነጻ ከለቀቀው አርታኢውና ሽፋን ሠሪው ምን ይጎዳሉ?» ላሉት፦ ይጎዳሉ፤ ብዙ ጊዜም ከደራሲው ቀድመው። መጽሐፉ በዲጂታል ሲወጣ የሚቀነሰው የወረቀት፣ የኅትመትና የማጓጓዣ ወጪ ብቻ ነው። አርትዖት፣ እርማት፣ የገጽ ቅንብርና ሽፋን ግን አንድ ቅጂም ይሸጥ አሥር ሺህ ወጪያቸው ያው ነው። ሽያጩ ሲሳሳ አሳታሚው የሚቆርጠው ከእነዚህ ነው፤ በተለይ ከመጨረሻው እርማት፣ ጉድለቱ ቶሎ ስለማይታይ። ይህ አንባቢንም ይበድላል።

አርታኢ ከሆኑ በሽያጭ ድርሻ አይዋዋሉ፤ መጽሐፉ በነጻ ከወጣ ድርሻዎ ዜሮ ነው። በቁርጥ ክፍያ ይስማሙ፦ ግማሹ ሥራው ሲጀመር፣ ቀሪው የመጨረሻውን ፋይል ከማስረከብዎ በፊት።

ደራሲ ከሆኑ ደግሞ ሙሉውን ፒዲኤፍ አይልቀቁ፤ አንዴ በቴሌግራም ከተዛመተ መሰብሰቢያ የለውም። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብቻ ይስጡ፤ አለዚያ ጊዜ ይገድቡ። ኬዲፒ ሴሌክት የተባለው የአማዞን የዲጂታል መጽሐፍ ፕሮግራም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 5 ቀን በነጻ ማቅረብ ይፈቅዳል፤ በምትኩ በእነዚያ 90 ቀናት ዲጂታል ቅጂውን ሌላ ቦታ ማውጣት ክልክል ነው። መጽሐፉ ያለ ፈቃድ ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ ካገኙ፣ እንዲነሳ ለቴሌግራም በሚልኩት የማስወገጃ ጥያቄ ላይ የእያንዳንዱን ፋይል ሊንክ ይጻፉ፤ የቻናሉ ስም ብቻውን አይበቃም።