ጥያቄና መልስ፦ የነርሶች የሥራ እርካታ፣ ቁርጠኝነትና ጭንቀት

ተመራቂ፦ ሲስተር፣ ማስላክ (Maslach) በሚባለው መጠይቅ የነርሶችን በርንአውት፣ ማለትም ከሥራ ጫና የሚመጣን መሟጠጥ፣ ልለካ ነው። ድምሩ ስንት ሲደርስ ነው «በርንአውት አለባት» የሚባለው?

ሲስተር፦ ጠቅላላ ድምር የሚባል ነገር የለውም። 22ቱ ጥያቄዎች የሚለኩት ሦስት ነገር ነው፦ 9ኙ የስሜት መሟጠጥን፣ 5ቱ ታካሚን እንደ ዕቃ ማየትን፣ 8ቱ በሥራ ውጤት መርካትን። የመጨረሻው አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ ነጥቡ ከፍ ሲል ደህና ነው። ከደመርሻቸው ክፉውና ደጉ ይጠፋፋል። አትደምሪ። ከ0 («በጭራሽ») እስከ 6 («በየቀኑ») ባለው መለኪያ የየዘርፉን አማካይ ለየብቻ አውጪ፤ የአልፋውን (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያሳየውን) ስሌትም እንዲሁ። «አለባት፣ የለባትም» የሚለውንም ተዪው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው፣ በሽታ አላለውም።

እንግዳ፦ ደመወዝ ቢጨመር እርካታ ይመጣል?

ሲስተር፦ ቅሬታ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ያለውን የደመወዝ ነገር የሚያውቁት ይመልሱ።

ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ)፦ በእኔ ክፍል የለቀቀ ነርስ የለም። ቁርጠኝነቱ ጥሩ ነው ማለት እችላለሁ?

ሲስተር፦ አይችሉም፣ እሜቴ። ሰው የሚቆይበት ምክንያት ሦስት ዓይነት ነው፤ ተመራማሪዎቹ ሜየርና አለን በ1991 (እ.ኤ.አ.) የለዩት ይህንኑ ነው። አንዷ ሥራውን ስለምትወድ፣ ሌላዋ ብትወጣ የምታጣው ስለሚበዛባት፣ ሦስተኛዋ ጥላ መሄድ ነውር ስለሚመስላት ትቆያለች። በመዝገብዎ ላይ ሦስቱም «አለች» ተብለው ነው የሚጻፉት። ልዩነቱ ሥራው ላይ ይታያል፦ የመጀመሪያዋ በርክክብ ጊዜ ያልተጠየቀችውን ትናገራለች፣ ሁለተኛዋ ቻርቱን ሞልታ ትሄዳለች። ክፍልዎ በሁለተኛዋ ዓይነት የተሞላ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ሥራ የተከፈተ ዕለት ባዶ ይቀርብዎታል። መጠይቁን ራስዎ አይሰብስቡ፤ ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን አብረው ከተጠየቁ ስድስት ነርስ ባለበት ክፍል ማን ምን እንደጻፈች ይታወቃል፣ ያን ጊዜ ሁሉም «ደስተኛ ነኝ» ይላል።

ተመራቂ፦ የቁርጠኝነቱን ሦስት ክፍሎችስ ደምሬ...

ሲስተር፦ አትደምሪ! ከላይ ያልኩት ለዚህም ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ ይህ ሁሉ መጠይቅ ከንቱ ነው። ፈረቃውን ከ12 ሰዓት ወደ 8 ያውርዱት፣ ጭንቀቱ ያልቃል።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ፦ ማን ነገረህ? በ12 ሰዓት ፈረቃ የዕረፍት ቀን ይበዛል። ችግሩ የታካሚ ብዛት ነው። ተመራማሪዋ አይከንና ባልደረቦቿ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የበርንአውት ዕድሏ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

የሌሊት ተረኛ፦ የዕረፍቱ ቀን በእንቅልፍ ነው የሚያልቀው!

ሲስተር፦ ስለ ሰዓት ርዝመት ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ለሁለታችሁም የሚሠራው ይህ ነው፦ በሁለት ፈረቃ መካከል ከ11 ሰዓት ያነሰ ዕረፍት አይመደብ፣ ዙሩም ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት ይሂድ እንጂ ወደ ኋላ አይዙር። ከሰዓት ሠርታ አምሽታ የወጣችን ነርስ በማግስቱ ጠዋት ማስገባት ነው እንቅልፍ የሚያሳጣው።

አዲስ ገቢ፦ ጭንቀትን እንዴት ነው የሚቀንሱት?

ሲስተር፦ የትኛውን? የነርሶች ጭንቀት መለኪያ 34 ጥያቄዎቹን በሰባት ምንጭ ከፍሏቸዋል፤ የታካሚ ሞት፣ ከሐኪም ጋር ግጭት፣ ከባልደረባ ጋር ግጭት፣ የሥራ ብዛት፣ የዝግጅት ማነስ፣ የድጋፍ ማጣት፣ ስለ ሕክምናው እርግጠኛ አለመሆን። ለዝግጅት ማነስ ሥልጠና ይበጃል፤ ለሥራ ብዛት ሥልጠና መስጠት ተጨማሪ ሥራ ነው። የትኛው እንደሆነ ለይተህ ተመለስ።

እንግዳ፦ የበርንአውቱ ሦስት ዘርፎች አማካይስ በአንድ ላይ...

ሲስተር፦ ከላይ አንብብ።