ላይ ሳይደርስ የቀረው ዜማ፦ ፒያኖ ለሚጫወቱ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ የምትኖር አንዲት ወጣት የፒያኖ ተጫዋች ጥያቄ ላከችልኝ። በደሴ ከተማ የመጀመሪያዋን የብቻ ዝግጅት ለማቅረብ እየተሰናዳች ነው፤ ምሽቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ለፍራንዝ ሹበርት ድርሰቶች ለመስጠት አስባለች። በቅርቧ ያሉ ሰዎች ግን፣ «የእኛ አገር ሰው አንድ ፈረንጅ ብቻ ሲያዳምጥ አያመሽም፤ ሹበርትን አሳጥሪውና ትዝታም አምባሰልም ጨምሪበት» ብለው መክረዋታል። «እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ትላለች። እኔ በእሷ ቦታ ቆሜ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ያደረግሁትም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ለእሷ ብቻ መልሼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ነገሩ የሆነው ከ30 ዓመት በፊት ነው። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመታትም አስተምሬ፣ ባደግሁባት በደሴ አንድ ምሽት ለመጫወት ተነሣሁ። የመረጥሁት የቤትሆቨንን የመጨረሻዎቹን ሦስት የፒያኖ ሶናታዎች (በክፍል በክፍል የተደረሱ ረጃጅም ድርሰቶች) ነበር። ቤትሆቨን ከጻፋቸው 32 ሶናታዎች መካከል እነዚህ ሦስቱ እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1822 ባለው ጊዜ፣ ጆሮው ከሞላ ጎደል በተዘጋበት ዘመን የተደረሱ ናቸው። አንድ ላይ ሲቀርቡ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣሉ። የመጨረሻው፣ በድርሰት ቁጥሩ ኦፐስ 111 የሚባለው፣ ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው ያሉት። የመጀመሪያው እንደ ነጎድጓድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሕፃን ሊያንጎራጉረው በሚችል ዝግ ያለ ዜማ ይነሣና ያንኑ ዜማ እየመላለሰ ይለዋውጠዋል። የምቱ ርምጃ ሳይፈጥን በየምቱ ውስጥ የሚገቡት ድምፆች እየበዙና እየደቀቁ ይሄዳሉ፤ በኋላም ዜማው ወደ ፒያኖው ላይኛው ጫፍ ወጥቶ፣ ረጅም ርግብግቢት (ሁለት ጎረቤት ድምፆች በፍጥነት ሲፈራረቁ) እየተሰማ፣ በጸጥታ ያልቃል። ድርሰቱ ለኅትመት በተላከ ጊዜ አሳታሚው ሦስተኛ ክፍል የጎደለ መስሎት፣ ገልባጩ ረስቶት እንደሆነ ጠይቆ ነበር።

ፒያኖው የመጣው ከኮምቦልቻ ነበር። በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭኖ፣ በብርድ ልብስና በገመድ ታስሮ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ እኔ ከኋላ ሆኜ በሁለት እጄ ደግፌው ነበር፤ ያ ድጋፍ ለእንዲህ ያለ ክብደት ምንም እንደማይጠቅም እያወቅሁም መልቀቅ አልቻልሁም። ሞቅ ካለው ኮምቦልቻ ወጥቶ የጦሳ ተራራ ጉም በሚወርድበት አዳራሽ ሲገባ ቅኝቱ ተበላሸ። ከክሮቹ ጀርባ ያለው ሰፊ ሳንቃ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥም ክሮቹን ይወጥራቸዋል። ከ200 በላይ የሆኑትን ክሮች በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ቃኘኋቸው፤ በየማለዳው ግን ቅኝታቸው ተዛብቶ አገኛቸው ነበር።

በዝግጅቱ ዕለት አመሻሽ ላይ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ወደ እኔ ቀርቦ፣ «ሰው እየወጣ ቢሄድ እንዳትደነግጥ» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው። ያ ቃል ግን ከእኔ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የእናቴ ማኅበርተኞች፣ የልጅነት ጎረቤቶቼ። የመጀመሪያውን ሶናታ ስጨርስ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ጸጥታውን እንደ መሰልቸት ቆጠርሁት። በሁለተኛው መካከል ሰዎች ሳሉ፤ ሳሉን እንደ ትዕዛዝ ሰማሁት። ሦስተኛው ላይ ደርሼ ያ ዝግ ያለ ዜማ ሦስት ጊዜ ተለዋውጦ፣ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ በሹክሹክታ በሚርመሰመስበት ቦታ ላይ አንድ ወንበር ተንቀጫቀጨ። በቃ፣ መውጣት ጀመሩ አልሁ በልቤ። ዞር ብዬ አላየሁም። እጆቼ የቀሩትን ገጾች ዘልለው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያዙ፤ እነርሱን እንደ ነገሩ ዘግቼ፣ ሳላስተነፍስ፣ ለተማሪዎቼ ያቀናበርሁትን የታወቀ የትዝታ ዜማ ጀመርሁ፤ በእሱም ላይ ፈጣን ማርሽ ጨመርሁ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ የልጅነት ጎረቤታችን የነበሩትን አንዲት እናት ልጠይቅ ሄድሁ። በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ ፒያኖ ከዚያ ምሽት በፊት በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ሦስተኛውን ስኒ ቡና ከቀዱልኝ በኋላ፣ «አብሽር ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ግን ያ ቀስ እያለ ሲወጣ የነበረው የት ደረሰ? ላይ ሳይደርስ ተውከው እኮ» አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ባጨበጨበበት ምሽት የጎደለውን ያወቁ እሳቸው ነበሩ። እኔም፣ «እዚያው ነው የሚያልቀው» ብዬ ዋሸኋቸው። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለው ስኒውን አነሡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ደሴ በሄድሁ ቁጥር እነግራቸዋለሁ እያልሁ፣ እውነቱን ሳልነግራቸው፣ ቀሪውንም ሳላሰማቸው ቀረሁ።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ የእሳቸውን ጆሮ ያሳደገው ምን እንደሆነ ማወቄ ነው። በልጅነቴ፣ የክርስቲያን ቤት ልጅ ብሆንም፣ እሳቸው ቤት ሐድራ (የሙስሊሞች የዱዓና የመንዙማ ስብስብ) ሲኖር ከልጆቻቸው ጋር ጥግ ይዤ አመሽ ነበር። በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አውጪው መንዙማውን ያወጣል፣ ተሰብሳቢው ይቀበላል፣ ድቤው መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ይመታል። እንቅልፍ ይወስደኝና ሌሊት ስነቃ ያው ውዳሴ አሁንም ይዜማል፤ ሰውም እንደ አዲስ ይቀበላል። እንዲህ ባለው ሌሊት ያደጉ ሰዎች አንድ ዜማ ተከትለው ማምሸት አይችሉም ብዬ የፈረድሁት እኔ ነበርሁ። ያ የተንቀጫቀጨ ወንበርም ሰው የተነሣበት አልነበረም፤ ምሽቱን ማንም አቋርጦ እንዳልወጣ በኋላ ነገሩኝ።

እርግጥ ምሽትን በሙሉ ለአንድ ደራሲ መስጠት በአውሮፓም ከጥንት የነበረ ልማድ አይደለም። የፒያኖ ተጫዋቹና ደራሲው ፍራንዝ ሊስት እ.ኤ.አ. በ1839 ሮም ላይ ብቻውን መድረክ እስኪይዝ ድረስ ኮንሰርት ማለት ዘፋኝና ኦርኬስትራ የተፈራረቁበት ቅይጥ ነበር። የፒያኖ ተጫዋቹ አርቱር ሽናበል 32ቱንም የቤትሆቨን ሶናታዎች በተከታታይ ዝግጅቶች በርሊን ላይ ሲጫወት ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1927 ደርሶ ነበር። አንድ ደራሲ ብቻውን ሲደመጥ ጆሮ ማወዳደር ይተውና ማስታወስ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ሰዓት የሰማው ነገር በሁለተኛው ሰዓት ሲመለስ ያውቀዋል። ያን ማስታወስ በመካከል ከቆረጣችሁት ሌላ ቁራጭ አይተካውም። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ከድርሰቱ ውስጥ የሚያምረውን ሁለት ደቂቃ ለይታችሁ ትለማመዳላችሁ፣ በስልክ ቀርጻችሁም ታሰራጫላችሁ። ኖታ ከማንበብ ይልቅ የሌላውን ጣት በስክሪን መከተል ትመርጣላችሁ። ይህ ያሳዝነኛል። ሆኖም ሁለት ደቂቃውን ያስመረጣችሁ ፍርሃት በእኔም ዘመን ነበር፤ ያን ጊዜ ስልክ አልነበረንም እንጂ።

«አምባሰል ጨምሪበት» ለሚሏት መካሪዎች አንድ ነገር ልበል። አምባሰልና ባቲ የአገራችን ስም የተሰጣቸው ቅኝቶች ናቸው፤ ለፈረንጅ ምግብ ማጣፈጫ ሊሆኑ አይገባም። ሙሉ ምሽት የሚገባት የራሳችን ደራሲ አለችን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ ደራሲ፣ በወጣትነታቸው የመነኮሱት እዚሁ ወሎ፣ ግሸን ማርያም ነው። አምባሰል ውስጥ ባለው በዚያ አምባ ላይ ዓመታት አሳልፈዋል። የእሳቸው ድርሰቶች ብቻ የሚደመጡበት ምሽት በደሴ ቢዘጋጅ የፊት ወንበር እይዛለሁ። በሹበርት መካከል አንድ ቁራጭ ሆነው እንዲገቡ ግን አልፈልግም። ለሁለቱም ክብር አይሆንም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ ልጄ፣ የላክሽውን ዝርዝር ሳየው እኔም ቀንሺ ልልሽ ነው። ሹበርት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1828፣ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት፣ የጨረሳቸውን ሦስት ሶናታዎች በአንድ ምሽት ልትጫወቺ አስበሻል። ያ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ለሚወጣ ሰው ጀርባ ይከብዳል። አድማጩን እመኑ እያልሁ መልሼ አሳጥሪ ማለቴ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊመስልሽ ይችላል። እኔ የምሰጋው ለአንቺ አቅም ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተጫወቺ፣ በመካከል ዕረፍት ስጪ፤ የጀመርሽውን ግን አንድም ገጽ ሳትዘዪ አድርሺው።

የመጨረሻው ሶናታ መግቢያ ላይ፣ ጸጥ ካለው ዜማ ሥር፣ በግራ እጅ እጅግ ዝቅ ብሎ የሚሰማ ርግብግቢት አለ። ምሽቱን የሚይዘው እሱ ነው። በአዳራሹ ያለው የቆመ ፒያኖ ከሆነ የግራ ፔዳሉ መዶሻዎቹን ወደ ክሮቹ ያቀርባቸዋል እንጂ እንደ ትልቁ ፒያኖ ወደ ጎን አያንቀሳቅሳቸውም፤ ስለዚህ ለስላሳነቱን ከፔዳሉ አትጠብቂ፣ ከጣትሽ አውጪው። ወፍራሞቹ ክሮች ትንሽ እንኳ ቢዛቡ ያ ርግብግቢት ጉርምርምታ ሆኖ ይቀራል። ፒያኖው ከኮምቦልቻ የሚመጣ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ደሴ ይግባና አየሩን ይልመድ፤ ከዚያ በፊት ማንም እንዳይነካው። እኔ አሁን የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ መቃኛ ቁልፌም ከእኔ ጋር አለ። ፒያኖው በገባ በ15ኛው ቀን መጥቼ እቃኘዋለሁ፤ በዝግጅቱ ማለዳም ደግሜ አየዋለሁ። ቀኑን ቁረጪና ላኪልኝ።