የጨፌ ወፎችን ለመጠበቅ ምን ችግኝ እንትከል?

ጥያቄ፦ ከጅማ ዳር፣ በቦዬ አቅጣጫ ያለውን የወል ጨፌ ወፎቹ እንዳይሰደዱበት ልንጠብቀው ተደራጅተናል። ክረምት ሲገባ ዛፍ ልንተክልበት አስበናል። የትኛው ችግኝ ይሻላል? (ከጅማ፣ የወጣቶች ማኅበር)

መልስ፦ ጨፌው ውስጥ ምንም ችግኝ እንዳትተክሉ አደራ እንላለን። ባለ ዘውዷ ክሬን (ራሷ ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ላባ ያላት ባለ ረጅም እግር ወፍ) ጎጆዋን የምትሠራው ውኃ በተኛበት ገላጣ ቦታ፣ ቄጤማ ቆልላ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃውን ይመጥጣል፣ ጥላው ቄጤማውን ያቀጭጫል። ውኃው ሲሸሽ ውሻና ቀበሮ እግራቸው ሳይርስ እንቁላሉ ላይ ይደርሳሉ።

ጉልበታችሁን የጨፌውን ውኃ የሚያፈስሱትን ማፋሰሻ ቦዮች በአፈር ግድብ ለመዝጋት አውሉት። ቦዩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። በቅድሚያ ከቀበሌው፣ ከወረዳው የመሬትና አካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና ጨፌው ላይ ከብት ከሚያሰማሩት ጋር ተስማሙ፤ ያልተስማማ ሰው በማግሥቱ ይከፍተዋል። ሥራው በጥርና በየካቲት፣ ውኃው ሲቀንስ ይሁን፤ ከላይኛው ጫፍ ጀምሩ። የቦዩን ወለልና ግድግዳ ሣሩንና ልል አፈሩን ጠርጋችሁ ጠንካራው ጭቃ ላይ ድረሱ። ከዚያ እርጥብ የሸክላ አፈር በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየሞላችሁ በእግር ርገጡት። በጆንያ ብቻ የተደረደረ ግድብ በመገጣጠሚያው ያፈሳል። አናቱ ከዳርቻው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል፣ በግራና በቀኝም ወደ መሬቱ ይግባ። እኩል ከሆነ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በላዩ አልፎ ይሰነጥቀዋል። ከታች አንድ ትልቅ ግድብ ብቻ መሥራትም አያዋጣም፣ ግፊቱ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። በቦዩ ላይ ብዙ ትንንሽ ግድቦች ሥሩ፤ የታችኛው የሚያቁረው ውኃ የላይኛው ግርጌ እስኪደርስ አቀራርቧቸው።

ክሬኗ 2 ወይም 3 እንቁላል ጥላ አንድ ወር ገደማ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹ ለመብረር ተጨማሪ 2 ወይም 3 ወር ይፈልጋሉ። እስከዚያ ድረስ ሣር አይታጨድ። ሲታጨድም ከመሃል ወደ ዳር፣ ሕይወት ያለው ሁሉ ማምለጫ እንዲያገኝ። ሣር ውስጥ ብቻውን የተኛ ጫጩት የተጣለ አይደለም፤ ተደብቆ ነውና ልጆች እንዳያነሡት ንገሯቸው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ክልክል ነው።

ዛፍ መትከል ካልቀረ ከጨፌው ውጭ፣ ዳገቱ ላይ ዋንዛ፣ ብሳናና ዶቅማ ትከሉ፤ ጎርፍ ይዞት የሚመጣውን ደለል ይቀንሳሉ። ዳር ላይ የቆሙትን ትልልቅ ነባር ዛፎች ግን አትንኩ፣ ባለ ዘውዷ ክሬን ታድርባቸዋለች።